አንድ ትሪ፣ አንድ ፓስወርድ

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ አዳማ ውስጥ ተረጋግቼ በእግሬ መሄድ አልቻልኩም። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ እስክመለስ አንድ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኝና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ይለኛል። አንዱ «ከባንክ ነን፣ የደረሰህን ቁጥር ንገረን» ብለው የደወሉለት ነው፤ ሌላዋ ቴሌግራሟ ተጠልፎ በስሟ ዘመድ አዝማዱ ገንዘብ የሚለመንባት ናት። ጡረታ ወጥቻለሁ ብል የሚሰማኝ የለም። ደግነቱ እኔም ይህን ያህል አልጠላውም። ጠያቂ ባጣ ይበልጥ የሚከፋኝ እኔው ነኝ።

የሱቄ ሰሌዳ ላይ «የኮምፒዩተር ጥገናና የደህንነት ምክር» የሚል አስጽፌ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ጽሑፉን ያነብና ዞር ብሎ ይሄዳል። ግራ ገብቶኝ ጎረቤቴን ብጠይቀው፣ ደህንነት ሲል ሰዉ የመንግሥት ነገር መስሎት ነው፣ ማን ደፍሮ ይገባል አለኝ። ቀለም ገዝቼ ምክር የሚለውን ክፍል አጠፋሁና «የኮምፒዩተር ጥገና» ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ ወዲያ የምክሩን ሥራ የሠራሁት በጥገና ስም ነው። ሰው ማሽኑ ሲበላሽ ይጠራኛል፤ እኔም እየጠገንኩ እመክራለሁ። ፋርማሲው፣ ፎቶ ቤቱ፣ የትራንዚት ቢሮው፣ ክሊኒኩ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስቀመጠው ነገር እንዳይጠፋ፣ እንዳይሰረቅ፣ የማይመለከተው ዓይን እንዳያየው ማድረግ ነበር እንጀራዬ። ለጥገናው ይከፍሉኛል፤ ለምክሩ ያመሰግኑኛል። በምስጋና ልጅ ማሳደግ ቢቻል ኖሮ የእኔ ልጆች ሚኒስትር ይሆኑ ነበር።

ከመነሻዬ ግን የታይፕ መምህር ነበርኩ። ባቡር ጣቢያው አካባቢ አንድ የታይፕ ማሠልጠኛ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲንጣጡ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ጣታቸውን ሳያዩ መጻፍ ያስተማርኳቸው ሴቶች ዛሬም በየቢሮው አሉ፤ ሲያገኙኝ አሁንም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ተማሪው አንድ በአንድ ቀረ። በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ እኔና ማሽኖቹ ብቻ ተፋጠጥን።

ማሽኖቹን የሚጠግኑልን ሰው ጋሽ ገመቹ ይባሉ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ የራሳቸውን ትንሽ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አንዷን ታይፕ ራይተር ዘይት ሲቀቡ ቆዩና ቀና ብለው፣ «ይቺስ ሞታለች። ለቅሶው ሲያበቃ እኔ ጋ ና፣ አብረን እንሥራ» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ሚስት ያገባሁ፣ የወለድኩ ሰው ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ እንደገና ተማሪ መሆን ያሳፍራል። ግን ሄድኩ። ከእሳቸው ጋር የሠራሁበትን ዘመን የሚያህል ጥሩ ዘመን አላየሁም።

ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ልንጠግን የምንሄደው በጋሪ ነበር። ባለጋሪው ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ስክሪኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭናችን ላይ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ አቧራ ምን እንደሆነ አያውቅም። የኮምፒዩተሩን ሆድ ስንከፍት አንድ እፍኝ አፈር የምናወጣበት ጊዜ ነበር፤ ጋሽ ገመቹ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ቀስ እያሉ ሲያራግፉ ሕፃን የሚያጥቡ ይመስሉ ነበር። «ይቺ ቤት ጎመን ሊዘራባት ይችላል» ብለው ባለሱቁን ያሳፍሩታል።

ሌላ ጠጋኝ ቤት ሲገባ ቀጥ ብሎ ወደ ማሽኑ ነው የሚሄደው። እሳቸው መጀመሪያ ሰዉን ነበር የሚያዩት። ኦሮምኛ ለሚቀናው «አካም ቡልቴ»፣ አማርኛ ለሚቀናው «እንዴት አደርክ» እያሉ ሁሉንም በየተራ ይጨብጣሉ፤ ዘበኛው ሳይቀር። ከዚያ ወንበር ስበው ይቀመጡና እዚህ ማሽን ላይ ማን ማን እንደሚቀመጥ ይጠይቃሉ። መልሱን እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ እጃቸውን አይሰዱም። እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የማሽን በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሰዎቹ ልማድ ነው።

ሰው ፓስወርዱን ሲጽፍ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። እንዲሁ ዓይን መስበር አይደለም፤ ወንበራቸውን አዙረው ከግድግዳው ጋር ይፋጠጣሉ። ባለቤቱ ቸኩሎ ፓስወርዱን ጮክ ብሎ ከነገራቸው ደግሞ በጣም ያዝናሉ። አሁን እኔም ስላወቅሁት ቀይረው ይሉና እስኪቀየር ድረስ ሥራ አይጀምሩም። ባለሱቆቹ ይስቁባቸው ነበር፤ እሳቸውን ያላመንን ማንን ልናምን ነው ይሏቸዋል። እሳቸው ግን ሳቁን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ግድግዳቸውን እያዩ ይጠብቃሉ።

ቫይረስ ሲያገኙም ሠራተኛ ባለበት ቫይረስ የሚለውን ቃል አያወጡም። «ትንሽ ታሟል» ብቻ ይላሉ። በኋላ ባለቤቱን ወደ ደጅ ጠርተው ከየት እንደመጣና ምን ማድረግ እንዳለበት በዝግታ ያስረዱታል። ያን ዘመን ቫይረስ የሚዛመተው በፍላሽ ነበር፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቀበሌ። ቫይረስ ተገኘ ሲባል የባለቤቱ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ላይ ነው። ጋሽ ገመቹ ይህን ያውቃሉ። እኛ ሱቅ በር ላይ ምንም የሌለበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አስቀምጠው ነበር፤ የመጣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካል። የማንንም ፍላሽ፣ የወንድማቸውንም ቢሆን፣ ያለ እሱ አያሳልፉም።

ሞጆ ብዙ ደንበኛ ነበረን። ደረቅ ወደቡ ከመጣ በኋላ የትራንዚት ቢሮ እንደ አሸን ፈላ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ደጅ ላይ የሚጠብቁ ሾፌሮች። ፓስወርዱን ጽፎ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር የለጠፈ አንድ ሰውዬ አስታውሳለሁ። ጋሽ ገመቹ ምነው ቢሉት፣ ሌባ ቢመጣ የሚወስደው ኮምፒዩተሩን ነው እንጂ ብጣሽ ወረቀት ምን ያደርግለታል ብሎ ተከራከረን። የቀረው ነጋዴ ደግሞ ፓስወርዱ የበኩር ልጁ ስም ነው። የልጁ ልደት ሲከበር ኬኩ ላይ ተጽፎ ይውላል። ዱከም ላይ ለፋብሪካ ካርቶን የሚያቀርብ አንድ ሰው ደግሞ ከመንገድ ላይ በገዛው ሲዲ አንቲቫይረስ ጭኖ ኖሯል፤ ማሽኑን ያሳመመው ያው አንቲቫይረሱ ራሱ ነው። ዘበኛውን ከሌባ ሰፈር ነው የቀጠርከው አሉት ጋሽ ገመቹ፣ ሲያጸዱለት እየዋሉ።

የሚያኮራኝም ነገር አለ። ጋሽ ገመቹ የሚያስገድዱት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የሥራው ሁሉ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ይያዝ፣ ያ ዲስክ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ቤት አይደር። አንዲት ባለ ፎቶ ቤት ሴት ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ስትከራከር ቆይታ፣ ከንዝንዛችን ለመገላገል ስትል ዲስኩን ማታ ማታ በቦርሳዋ ይዛ ወደ ቤቷ መሄድ ጀመረች። በአንድ ክረምት ጎርፍ ያን ሰፈር መታው። ኮምፒዩተሮቿ ጭቃ ውስጥ ተገኙ። የሰዉ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ከዚህ ዓለም የተለዩ ሰዎች ፊት ሁሉ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሱቃችን መጥታ የጋሽ ገመቹን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው አፍረው ወደ ጓዳ ሸሹ።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ።

አዳማ ውስጥ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ባለቤቱ ዶክተር ደግ ሰው ናቸው፤ የሌለውን ሰው በነጻ ሲያክሙ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ቤት ምሳ የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው። ዶክተሩ፣ ነርሶቹ፣ የላብራቶሪው ሠራተኛ፣ የካርድ ክፍሏ፣ የጽዳቷ፣ ሁሉም አንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሥራ ይዞት የዘገየ ሰው ካለ ሳይመጣ ማንም እጁን አይሰነዝርም። እኔም ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ጎርሻለሁ።

የቤቱ ድምቀት ካርድ ክፍል የምትሠራው ጫልቱ ነበረች። ከአዳማ ብዙ የማትርቀው፣ አዋሽን ተሻግሮ ያለችው የደራ ከተማ ልጅ ናት፤ አዳማ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሳቂታና ተጫዋች ናት። በሽተኛው ስሙን ሳይናገር ካርዱን ታወጣለታለች፤ የልጆቹን ጤና ሳትጠይቅ አታሳልፈውም። ክሊኒኩ ወረቀቱን ትቶ ካርዱን ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲያስገባ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ጋሽ ገመቹ በዚያን ጊዜ እግራቸው ስለደከመ ሱቁን ለእኔ ትተው ቤት ውለዋል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ስምና ፓስወርድ አወጣሁ፤ የማንን ካርድ ማን እንደከፈተ ማሽኑ እንዲመዘግብ አደረግሁ። ጥሩ ሥራ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ብመለስ ቤቱ አኩርፏል። ሳቅ የለም፣ ጨዋታ የለም። ምሳ ቀርቦ ትሪው ዙሪያ ስንቀመጥ ጫልቱ ሁሉንም ወክላ ተናገረች።

«ጋሼ፣ እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ለየብቻ ቁልፍ ሲያድሉን እርስ በርስ ተጠባበቁ ማለትዎ ነው?»

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሌባ አወራሁ፤ ከሩቅ አገር ሆነው ኮምፒዩተር ስለሚጠልፉ ሰዎች አወራሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ ተረት ጨመርኩበት፤ ተረቱ ጭራሽ ነገሩን አባሰው። ታዲያ እዚህ ቤት ማንን ነው የምንጠረጥረው አለች አንዷ ነርስ። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርታለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዶክተሩ ሁሉንም ተራ በተራ ካዩ በኋላ ፈገግ አሉና ይቅር በቃ፣ ሰዎቼን አውቃቸዋለሁ አሉኝ።

ያወጣሁትን ሁሉ አጠፋሁ። በምትኩ «ካርድ» የሚል አንድ ስምና ሁሉም የሚያውቀው አንድ ፓስወርድ አስቀረሁ። ፓስወርዱን በኮሪደር ሲቀባበሉት እሰማ ነበር። የቤቱ ሳቅ ወዲያው ተመለሰ፤ ጫልቱም «አኩርፈንዎ እንዳንቀር» ብላ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችኝ። ማታውን ለጋሽ ገመቹ ስነግራቸው፣ እኔንም ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሸንፈኝ የኖረ ነገር ነው አሉ።

ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሆን አለፈ። ከዚያ አንድ ሳምንት የአንዲት ልጅ የምርመራ ውጤት በሰው ስልክ ላይ ሲዞር ሰነበተ። ልጅቷ የአዳማ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ልታገባ ሽርጉድ እየተባለ ነበር። ውጤቱ ምን እንደሚል ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁንም አልናገርም። ሰው ነንና ማናችንንም ሊያገኝ የሚችል፣ መድኃኒትም ያለው ነገር ነው። የካርድ ክፍሉን ስክሪን አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው ያሰራጨው፤ ጥጉ ላይ የክሊኒኩ ስም ይነበባል። ሠርጉ ፈረሰ። የልጅቷ አባት ክሊኒኩ በር ድረስ መጡና ማንንም ሳይሳደቡ ቆመው አለቀሱ።

ሙሽራው የደራ ሰው ነው። ፎቶው መጀመሪያ የታየው ደራ፣ የሙሽራው ዘመዶች ስልክ ላይ ነው። ከክሊኒኩ ሠራተኞች ውስጥ የደራ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ካርድ ክፍል የምትቀመጠው ናት። ጫልቱን ማንም በአፉ አልከሰሳትም። ግን በማግሥቱ ካርድ ስታወጣ ዘግይታ ለምሳ ስትመጣ፣ ሳይጠብቋት በልተው ትሪው ተነስቶ አገኘችው።

በቀጥታ ወደ እኔ ሱቅ መጣች። አላለቀሰችም። እንዲያውም ተስፋ ነበረባት፤ እሱን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው።

«ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ያውቃል አይደል? ማን እንደከፈተው ያውቃል። ይጠይቁትና ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ዶክተሩን አስፈቅጄ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ። ማሽኑ መዝግቧል። የልጅቷ ካርድ ፎቶው በተነሳበት ቀን ደጋግሞ ተከፍቷል። የከፈተው ማን ነው? ካርድ። ቀጥሎስ? ካርድ። ነርሶቹም ካርድ፣ ላብራቶሪውም ካርድ፣ ዶክተሩ ራሳቸው ካርድ፣ ጫልቱም ካርድ። አንዱን ከሌላው የሚለይ ምንም ነገር የለም፤ እንዳይኖር ያደረግሁት ደግሞ በገዛ እጄ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ልዋሽላት አሰብኩ። በሰዓቱ እሷ ማሽኑ ላይ እንዳልነበረች ያሳያል ብል በዚያ ቤት ሊያጣራብኝ የሚችል ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ነው የሚበቃት። ዶክተሩን ነገ እነግርዎታለሁ አልኩና ወደ ጋሽ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ያሰብኩትን አልደበቅኋቸውም። ሰምተው ጨረሱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እሷን በውሸት ነጻ ብታወጣት፣ ጣቱ ወደ ማን ይዞራል?»

ያቺ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ነርስ ታየችኝ። ውሸቱን ተውኩት።

ጋሽ ገመቹ ግን በዚህ ብቻ አልተዉኝም። ኮታቸውን ለበሱ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ ባጃጅ ጥራ አሉኝ። ለሥራ ሳይሆን ለሽምግልና ነበር የሄድነው። ዶክተሩ ሲያዩዋቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ወንበር ሰጧቸው። ጋሽ ገመቹ ስለ ጫልቱ ምግባር ብዙ ተናገሩ፤ ዶክተሩም አንዱንም አልካዱም፣ እንደ እህቴ ነው የማያት አሉ። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ማሽኑ መጣ።

«ማሽኑ እሷ ናት አይልም» አሉ ጋሽ ገመቹ።

«እሷ አይደለችም ይላል?» አሉ ዶክተሩ።

ጋሽ ገመቹ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሱ።

ለጫልቱ የነገርናት ሁለታችን ሆነን፣ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ነው። ማሽኑ አያውቅም አልኳት። «እሺ» አለች። ዶክተሩ አላባረሯትም። ግን ብቻዋን ምሳ እየበላች እስከ መቼ? ጥቂት ቀን ቆይታ በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች፤ ዕቃዋንም ጭና ደራ፣ የወላጆቿ ቤት ገባች። የሙሽራው ዘመዶች ያሉበት፣ ወሬው ከሁሉ ይልቅ የሚታወቅበት ከተማ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኔ ግን አይጡን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ያወቀም የለም።

በሳምንቱ ዶክተሩ ጠርተውኝ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ፓስወርድ አወጣሁ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያ አንድ ትሪም ከዚያ ወዲህ ቀረ፤ ሁሉም ምሳውን በየፊናው በምሳ ዕቃ መያዝ ጀመረ።

ጋሽ ገመቹ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ከሞጆም ከዱከምም ሰው መጣ። ባለ ፎቶ ቤቷ ሴት ያላትን አንድ ፎቶአቸውን አሳድጋ ይዛ ቆማ ነበር። እኔ ሥራውን ቀጠልኩ። በየሄድኩበት ሠራተኛ ሁሉ የራሱን ቁልፍ ይያዝ እያልኩ እመክራለሁ፤ የከሰረውን፣ የተጠለፈውን፣ የተዘረፈውን እየጠቀስኩ አስፈራራለሁ። ሰዉ እሺ ይለኛል፤ ዞር ስል ፓስወርዱን ይቀባበላል። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ስልክ ሄደ። የእኔ ዓይን ደከመ፤ ከትንሽ ስክሪን ጋር መታገል አቃተኝ። ሱቁን ለመዝጋት ወሰንኩ።

ዕቃዬን ሸክፌ ልጨርስ ስል ከደራ ስልክ ተደወለ። ድምፅዋን ወዲያው አወቅሁት። ጫልቱ ፎቶ ኮፒና ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ከፍታለች፤ አሁን ሁለተኛ ማሽን ገዝታ የወንድሟን ሚስት ብርቱካንን አብራት አስገብታለች። መጥቼ እንዳስተካክልላት ለመነችኝ። ሌላ ሰው አዳማ አጥታ አይመስለኝም፤ ለምን እኔን እንደፈለገች ግን አልጠየቅሁም። ሚኒባሱ የአዋሽን ድልድይ ሲሻገር ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር። ከክሊኒኩ ግቢ ወዲህ ዓይኗን አላየሁትም።

በር ላይ ጠብቃ ጉንጬን ሳመችኝ። ሞላ ብላለች፤ ሳቋ ግን እንደ ድሮው ቶሎ አይመጣም። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ያ ወሬ ምን ያህል እንደጎዳት ራሷ አነሳችልኝ። ሱቁን ስትከፍት የደራ ሰው በሩን እያየ አልፎ ሌላ ቤት ይሄድ ነበር። መታወቂያውን፣ የመሬት ወረቀቱን፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻውን ለጫልቱ ማን ይሰጣል? መጀመሪያ የገቡላት ወሬውን ያልሰሙ የገጠር ሰዎች ናቸው። ከእነሱ የአንዱም ወረቀት ሳይባክን ሲቀር፣ ከተማው ቀስ እያለ መግባት ጀመረ። እኔ በሄድኩበት ቀን አንድ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ መታወቂያቸውንና የመሬት ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

ማሽኑን ከፍቼ ስንት ስም ላስገባ አልኳት። ሁለት፣ አንዱ የእኔ አንዱ የእሷ አለችኝ። ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥ የነበረችው ብርቱካን መቀሱን አስቀመጠች።

«የወንድምሽ ሚስት አይደለሁም እንዴ? ከእኔ የሚደበቅ ምን አለሽ?» አለች።

ያን ኩርፊያ አውቀዋለሁ። ስንቱ ቤት አይቼዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ ገመድ የማስተካክል መሰልኩ፤ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያልቅ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ጫልቱ ተነሳችና ወንበር ስባ ከብርቱካን ጎን ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘች።

«ከአንቺ የምደብቀው የለኝም። አንድ ቀን ግን የእኚህ አባት ወረቀት ሰው እጅ ቢገኝ፣ የደራ ሰው መጥቶ ብርቱካን ናት ይላል። ያን ቀን እኔ አንቺን ማመኔ አይጠቅምሽም። ብምልልሽም አይሰሙኝም። እሷ አልከፈተችውም፣ ይኸው እዩት የምልበት ነገር ይኑረኝ። የራስሽን ያዢ የምልሽ ለዚያ ነው።»

ብርቱካን ታሪኩን ታውቃለች፤ ደራ ውስጥ የማያውቀው የለም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ በአንድ ጣቷ ስሟን መጻፍ ጀመረች።

ጫልቱ እኔን ሳይሆን ስክሪኑን እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ እንዲህ ብለው ቢነግሩን ኖሮ እሺ እንል ነበር» አለችኝ።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይቀለኝ ነበር። እኔ ስለ ሌባ ነበር የነገርኳቸው፤ ያ ቁልፍ ሌባ ከመከልከሉ በፊት ንጹሑን ሰው እንደሚያድን ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበት አልታየኝም።

«አልታየኝም ነበር፣ ልጄ» አልኳት።

«እኔም አልታየኝም» አለችና፣ ተነስታ ከሽማግሌው እጅ ፌስታሉን ተቀበለች።